የሙት ዓመት ወረቀት

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ደረስኩ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ እናቴ ቤት መቶ አርባ ደረጃ። ከላይ ሐይቁ ይታያል... ያው ሐይቅ ነው። ጎብኚዎቹ ግን በየደረጃው ቆመው ይደመማሉ፣ ውሃ አይተው የማያውቁ ይመስል።

ቅዳሜ ገዢዎቹ ይመጣሉ። ቤቱን ማሳየት፣ መፈረም፣ እሑድ ወደ ሚላኖ። ይህን የድንጋይ ክምር ሦስት ቀን መቻል አያቅተኝም።

አርብ፣ ጥቅምት 10

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዳቦ ሻጯ እጄን ይዛ ልጅ ማለት እንዳንተ ነው አለችኝ። ፋርማሲው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ምን አደረግኩ? ሥራ የፈታ ከተማ...

ከዚያ ግድግዳው ላይ አየሁት። ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ እዚህ ለሙታን የሚለጠፈው ወረቀት። የእናቴ ፎቶግራፍ። «ዴልፊና፣ አንደኛ ሙት ዓመት።» ከሥሩ፦ «የማይረሳሽ ልጅሽ ኦታቪዮ።»

እኔ አልለጠፍኩም። ሙት ዓመቷ መሆኑንም... እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ረስቼዋለሁ።

በስሜ የሚያለቅሰው ማን ነው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

ገዢዎቹ መጡ። ባልና ሚስት። ለነሱ ሁሉ ነገር ውብ ነው። የተሰነጠቀው ግድግዳ ውብ፣ ሻጋታው ውብ። ሲወጡ ሴትየዋ ወረቀቱ ሥር ቆማ፣ ፈገግ ብላ ፎቶ ተነሳች። የበዓል ማስታወቂያ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

አዎ አልኳት። ለምን አዎ አልኩ?

ፊርማውን ለሰኞ አዛወርኩት። ሆዴን አመመኝ ብዬ።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

እትዬ ዘሊንዳ ቤት ሄድኩ። ጎረቤታችን ናቸው፣ እናቴን እስከ መጨረሻው ያስታመሙ። ወረቀቱን የለጠፉት እሳቸው መሆናቸውን ዳቦ ሻጯ ነግራኛለች። በስሜ ለመለጠፍ ማን ፈቀደልዎት ብዬ ጀመርኩ። ባቄላ መፈልፈላቸውን አላቆሙም።

«እናትህ ናት» አሉ። «ሳትሞት ማተሚያ ቤት ሄዳ አዘዘች። የአምስት ዓመቱን። ቃሉንም ራሷ ጻፈችው፣ ቀኑን ብቻ ክፍት ተወችው።»

«ለምን?»

«ትረሳለህ ብላ ነዋ። ሰው እንዳያማህ።»

አንድ ባቄላ ፈልፍለው፣ «ፎቶውን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት። የሷ ምርጫ ጢሟን ያሳይ ነበር።»

መሳቅ ነበረብኝ። አልመጣልኝም።

ስወጣ አንድ የቀረ ወረቀት ሰጡኝ። ለሐይቁ ዳር ግድግዳ ነው፣ ጉልበቴ አላወርድ አለኝ አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ገዢዎቹ ሁለቴ ደወሉ። አላነሳሁም።

ሙጫና ብሩሽ ይዤ ወረድኩ። ጓልቲዬሮ መረቡን እየጠገነ ነበር። አብረን የተማርን፣ ከዚህ ወጥቶ የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ። ሁልጊዜ የምንቀው።

ወረቀቱን ለጥፌ ስጨርስ፣ «ጠሟል» አለኝ።

ልጬ እንደገና ለጠፍኩት። አሁን ቀጥ አለ፣ ግን ስሜ ያለበት መስመር ተሸበሸበ። በመዳፌ ደጋግሜ ዳበስኩት። ከኋላዬ አንዲት ጎብኚ ፎቶ አነሳችኝ መሰለኝ። ዞሬ አላየኋትም። ዳበስኩት፣ ዳበስኩት... አልተቃናም።