በትሪው አንዱ ጎን

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ፋንታነሽ፣

እምዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ዳገቱን ቻለልሽ? ክረምቱ ያመጣብሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳሻል? አባባስ ዓይኑ ተሻለው? ጤፉ አሸተ? ላሚቱ ወለደች? እህቴ ሂዊ ይህን ስታነብልሽ እየዘለለች እንዳታነብ፤ የእያንዳንዱን ጥያቄ መልስ ጠይቃሽ ትጻፍልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ናፍቆት በሽታ ካልተባለ ጤነኛ ነኝ። ስልኩም መንገዱም እንደ ልብ ስላልሆነ፣ ይስማው ለገበያ መጥቶ ሲመለስ እንዲያደርስልሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

«ምን እየበላህ ነው?» ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። እምዬ፣ የክብደት ማንሳት ሰው የሚወዳደረው በኪሎው ነው። ከተመደብኩበት ኪሎ ጥቂት ካለፍኩ ወይም ከቀነስኩ ብረቱን ሳልነካ ተመለስ ይሉኛል። አምና ባሕር ዳር የደረሰብኝ ይኸው ነው፤ ሠርግ በልቼ ሄጄ ከሚዛኑ ላይ አወረዱኝ። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኛችን ምናለ የምበላውን ሁሉ ለክቶ ሰጠኝ። ጠዋት እንቁላልና የአጃ ገንፎ፣ ከልምምድ በፊት ሙዝ፣ ከልምምድ በኋላ ወተት፣ ማታ አንድ እንጀራ በሁለት ጭልፋ ምስር። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉና ወተቱ ቀርቶ ባቄላና ለውዝ ይተካበታል፤ ስለ ጾሜ አታስቢ። ውኃም ቢሆን ጥም ሳልጠብቅ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጨሁ ነው የምውለው፤ ላብ የበዛብኝ ቀን ጨው ቆንጠር አደርግበታለሁ። ጠርሙሴን ይዤ ስዞር ያየኝ ሁሉ ከየትኛው ጠበል እንደቀዳሁ ይጠይቀኛል።

ብረቱስ ይነሳል፤ የከበደኝ ሌላ ነው። ምናለ ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ እንዳልበላ ከለከለኝ። ከጋራ ማዕድ የበላ ምን ያህል እንደበላ አያውቅም፣ ጉርሻማ ጭራሽ አይቆጠርም ይላል። እውነቱን ነው። ግን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልሽ ያሳደግሽኝ ልጅሽ በሬን ዘግቼ ከሳህን ጋር መፋጠጥ ጀመርኩ። ሳኝክ የመንጋጋዬ ድምፅ ይሰማኛል።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየችው ሉባባ የምትባል የወሎ ሰው ናት፤ እዚህ አስተማሪ ሆና ከልጇ ጋር ትኖር ነበር። ሙስሊም ስለሆነች ሥጋ አብረን እንደማንበላ ሁለታችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ሰሞን ማታ ማታ በሬን እያንኳኳች ራት ቀርቧል፣ ና ትለኝ ነበር። እኔም ጠግቤያለሁ እያልኩ እመልሳታለሁ። እውነቱን እንዳልነግራት አፈርኩ፤ የገበሬ ልጅ እንጀራ ይለካል ሊባል? እየቆየ ማንኳኳቱ ቀረ፣ ሰላምታዋም ቀዘቀዘ። በኋላ የቤቱ ባለቤት እትዬ ሥራነሽ ናቸው የነገሩኝ። ለካ ሉባባ ለእኔ ብላ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት ገዝታ፣ ምስሩንም ሽሮውንም በሱ ትሠራ ኖሯል። በሃይማኖቷ የተጠየፍኳት መስሏታል። እምዬ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የዚያኑ ዕለት ገብቼ ሁሉንም ከሥሩ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ለራት የተፈቀደልኝ ስንት ጭልፋ እንደሆነ ብቻ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ማታ በሬ ተንኳኳ። ስገባ አንድ ትሪ ቀርቧል። በእኔ በኩል አንድ እንጀራ፣ በላዩ ሁለት ጭልፋ ምስር፤ ከእነሱ ወጥ ጋር እንዳይቀላቀል በጥቅል እንጀራ ድንበር አበጅታለታለች። ገና ስንጀምር ጠቅልላ ወደ አፌ ሰነዘረች፤ እኔ ደንግጬ ሸሸሁ።

«አብሽር ጸጋው፣ ከራስህ ድርሻ ነው» አለችኝ።

ጎረስኩ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር በርበሬው በዝቷል አልኳት።

እንዲህ አብረን የበላነው ግን ሳምንት እንኳ አልሞላም። ስትጠብቀው የኖረችው ዝውውር ተፈቀደላትና ደሴ ወደ ባሏ ሄደች። ድስቱንና ትሪውን ለእኔ ትታልኝ ነው የሄደችው። ያን ሁሉ ወር ለእኔ የተሠራ ወጥ ከግድግዳው ማዶ እየሸተተኝ ብቻዬን መብላቴ ያንገበግበኛል።

አሁን ማታ ምስሬን በድስቷ እሠራና በትሪው አንዱ ጎን ድርሻዬን አደርጋለሁ። ሌላው ጎን ባዶውን ነው። ሳህን ላይ ብበላ ሳይሻለኝ አይቀርም፣ ግን እጄ እምቢ አለ። ኅዳር ላይ ውድድር አለብኝ፤ ኪሎዬ ደግሞ እየወረደ ነው። ምናለ ልኬቱን አጉድለሃል እያለ ይቆጣኛል። አላጎደልኩም፤ ሁለቱን ጭልፋ መጨረስ አቅቶኝ ነው። አምና ከመጠን በላይ በልቼ ከሚዛን ወረድኩ፣ ዘንድሮ የሚያጎርሰኝ አጥቼ እንዳልወርድ እፈራለሁ።

መንገዱ ከተከፈተ ከውድድሩ በኋላ እመጣለሁ። ለእኔ ብላችሁ ምንም እንዳታርዱ።

አባባን ጉልበቱን ስሜያለሁ በይልኝ። አያ ድረስን በሬዎቹ እንዴት እንደሰነበቱ ጠይቂልኝ፤ እኔን የሚያህል ብረት አንሺ ወንድም እያለው ብቻውን ሞፈር መሸከሙ ያሳዝነኛል። አንቺ ሂዊ ደግሞ ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ እጅሽን ታጠቢና እምዬን ለእኔ ብለሽ አንዴ አጉርሻት። ከራሷ ድርሻ ይሁን፤ ልኬቷን እንዳታበላሺባት።

ልጅሽ ጸጋው
ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.