የአስቤዛው መስመር

ጥቅምት 5
አስቤዛ ገዝቼ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም። ዱቄት ፍለጋ ሱቁን ሦስቴ ዞርኩት። ጨው ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ...

ባለቤቴ ዕቃውን በእጇ እየዳበሰች ከፌስታል አወጣች። «የልብስ ሳሙና ብዬህ የገላ አመጣህ?» ሳሙና ሳሙና ነው ብላት፣ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ብላ ሳቀች።

ድሮ የምትገዛው እሷ ነበረች። ዓይኗ መሃል መሃሉ እየጠፋ ሲመጣ ነው ሥራው ወደኔ የዞረው። ሐኪሙ መነጽር አይረዳም ብሏል። የፊቴን ዳር ዳር ታያለች፣ አፍንጫዬን ግን አታየውም። «ብዙም አልቀረብኝ» ትላለች።

ጥቅምት 12
ዛሬም ሁለት ሰዓት።

ካሸሯ «እማማ ጠፉ፣ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ደህና ናት፣ ዓይኗን ብቻ ነው አልኳት። እጇን ከማሽኑ አነሳች። «እኔ እንኳ ያ ሰውዬ በተናገራቸው ነው የቀሩት ብዬ...»

የምን ሰውዬ? ለካ ሰኔ ላይ የራሷ መስሏት የሰው ጋሪ ስትገፋ ነበር። ሰውየው በሰው ሁሉ ፊት «ዓይን የለሽም እንዴ?» ብሎ ጮኸባት። የያዘችውን ጥላ ወጣች።

አራት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። እኔ ዓይኗ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ምን ዓይነት ባል ነኝ? ቤት ገብቼ ጠየቅኳት? አልጠየቅኩም።

ጥቅምት 18
ለነገ የሚገዛውን «ጻፍ» አለችኝ። ሩዝ፣ ቲማቲም፣ ሳሙና፣ ድንች... አነበብኩላት። «እንዲህ ተጽፎ ነዋ የሚያንከራትትህ። አውቶቡስህን ከመጀመሪያው ፌርማታ ወደ መጨረሻው፣ ከዚያ ወደ መሃሉ ትነዳው ነበር?»

ዓይኗን ጨፍና ሱቁን ነገረችኝ። በሩ ላይ አትክልት። በስተቀኝ ሩዝና ዱቄት። መታጠፊያው ላይ ዘይት። ከኋላ ሳሙና። መመለሻው ላይ ወተትና እንቁላል፣ ይኼ ሁሌ መጨረሻ። አምስት ፌርማታ። ወረቀቱን በአምስት ከፈልኩት።

ጥቅምት 19
ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ምንም አልረሳሁም።

ኅዳር 3
ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አንድ ነገር ሲያልቅ ያኔውኑ ትነግረኛለች፣ በፌርማታው ሥር እጽፈዋለሁ። ቅዳሜያችን ተረፈልን።

«እስቲ ወጣ ብለን አየር እንቀበል» አልኳት።
«ሂድ አንተ።»

ሥራው ቀለለ። እሷ ግን እዚያው ናት...

ኅዳር 17
ሱቁ ተገለባብጦ ጠበቀኝ። መደርደሪያውን ሁሉ አዛውረውታል። በሩ ላይ ብስኩት፣ ዘይት በነበረበት የሕፃናት ዳይፐር። ደወልኩላት።

«ሳሙናው ጋ ቁምና ወደ ግራ...»
«ሳሙናው የለም።»
«እንዴት የለም?»

«በቃ፣ ባዶ እጅህን ና» አለች።

ራቷን ብዙም አልነካችም። ያዘነች መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለምን ብለው ነው የሚያዛውሩት? የተቀመጠበት ምን አደረጋቸው?»

ለካ ተናዳለች። ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

ኅዳር 18
ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። «በማለዳ ሰው አይበዛም» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ጋሪውን እሷ ገፋች፣ እኔ ከፊት ያዝኩ። በየመደርደሪያው ትቆማለች፣ እርምጃዋን ትቆጥራለች፣ ትዳብሳለች፣ ታሸታለች። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። አላጣደፍኳትም።

ስንመለስ የሰኔውን ነገር ነገረችኝ። ከላይ እስከ ታች።
«አውቃለሁ» አልኳት።
«እንደምታውቅ አውቃለሁ» አለች። ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

ታኅሣሥ 20
ጉንፋን ከጣለኝ ሦስተኛ ቀኔ። ከእንቅልፌ ስባንን ቤቱ ጭር ብሏል። ጠራኋት... የለችም። የአስቤዛው ቦርሳም የለም። ስንት መኪና የሚያልፍበት መንገድ ነው። ልነሳ ብል ራሴ ዞረ። ተመልሼ ተጋደምኩ፣ ጆሮዬን በሩ ላይ ተክዬ።

ቁልፉ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ዕቃውን በየቦታው አስቀመጠች፣ አልቸኮለችም። ከዚያ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ወሬዋን ጀመረች።

ካሸሯ ልታገባ ነው አሉ። እጮኛዋ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ እናቷ ግን አልወደደችውም። ባለ ሱቁ ደግሞ ሌላ ጊዜ መደርደሪያ ከማዛወሩ በፊት ሊነግራት ቃል ገብቶላታል፤ አስገድዳው ነው እንጂ ወዶ አይመስለኝም። ከጎናችን ያለው ልብስ ሰፊም ቤት ሊቀይር ነው...

ከደጅ ወሬ ይዛ ከገባች ስንት ጊዜዋ ነው? ትኩሳቴን ረሳሁት።

«ደክሞሃል፣ ተኛ» አለችኝ።
«ቀጥይ» አልኳት።