የሐሙስ ጠዋት የልብስ ማጠቢያ ተራ

ለተከበራችሁ የቢዮርክሊደን ቁጥር 14 ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበርና የቦርድ አባላት፤
ጎተንበርግ

የከበረ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። ከአምስት ሳምንት የበጋ ዕረፍታችሁ በሙሉ ጤንነት፣ ፀሐይም ጠግባችሁ መመለሳችሁን ከደረጃው ሥር ከተለጠፈው ማስታወቂያ ተረድቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። በሕንፃችን ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገረው በወረቀት ስለሆነ እኔም ከወጋችን አልወጣሁም፤ ወረቀቱን ብቻ ትንሽ ሰፋ አድርጌዋለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። ቤኔዲታ ካርኔሮ የተባለች ፖርቱጋላዊት ተማሪ ያመለጣትን ፈተና ደግማ እንድትወስድ ዩኒቨርሲቲው አንድ ወረቀት ጠይቋታል፤ በሐምሌ ወር ፈተናው በነበረበት ሐሙስ ጠዋት ሕንፃችን ውስጥ እንደነበረችና ለምን እንደነበረች የሚመሰክር። ወረቀቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ የስድስት ሳምንት ትምህርቷ እንዳልነበረ ይቆጠራል። እናንተም «በተጠቀሰው ቀን የተመዘገበች ነዋሪ ስላልነበረች፣ በሕንፃው ስለመገኘቷ ልንመሰክር አንችልም» ብላችሁ መልሳችሁላታል። በጋዜጣ ሥራ ላይ ባሳለፍኳቸው ዓመታት እንዲህ ያለ እንከን የማይወጣለት ዓረፍተ ነገር ያነበብኩት ጥቂት ጊዜ ነው። ለዚህና ከዚህ በታች ለዘረዘርኳቸው ውለታዎቻችሁ ምስጋናዬን እንድትቀበሉኝ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ከሎሚ ስለጠበቃችሁን። ቤኔዲታ ስለ ባሕር ውኃ ልትማር በሰኔ መጥታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 9 ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ በነበሩት በሰማንያ አንድ ዓመቷ ወይዘሮ ጉንቮር ሄድስትሮም ጓዳ በእንግድነት ገባች። በማግስቱ ከአባቷ ጓሮ ያመጣችውን ሎሚ ይዛ የቀሩትን አሥራ አንድ በሮች አንኳኳች። እኔም ዘንድ መጥታ በቃሏ ባጠናችው ስዊድንኛ፣ «ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ እማማ ጉንቮር ቤት የገባሁት እኔ ነኝ፤ ከረበሽኩ አንኳኩና ተቆጡኝ» አለችኝ። ሎሚውን ተቀብዬ በሩን ዘጋሁ። በሦስተኛው ቀን «ሳያስታውቁ በር ማንኳኳት የነዋሪዎችን ሰላም ያውካል» የሚል የቦርዱ ማሳሰቢያ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም የማንንም በር አላንኳኳም። ሰላማችን ፍጹም ሆነ።

ሁለተኛ፤ ለልብስ ማጠቢያው ሥርዓት። በግቢው ማዶ ያለችውን ማጠቢያ ቤት ለማያውቁ አንባቢዎች ልንገራቸው፦ እያንዳንዳችን የቤታችን ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ጓጉንቸር አለችን፤ ሰሌዳው ላይ በመረጥነው ሰዓት እንሰቅላታለን፤ የሌላውን ጓጉንቸር መንካት ክልክል ነው። ባለተራው ግን ግማሽ ሰዓት ካረፈደ ተራው ለቀደመ ይሆናል። ቤኔዲታ አንድ ቀን በወይዘሮ ጉንቮር የዘወትር ተራ፣ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስታጥብ አሥራ ሁለት ደቂቃ አሳልፋ፣ «እዚህ አገር ሰዓት አለ» የሚል ወረቀት ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ጠበቃት። እሷም ከሥሩ አበባ ሥላ፣ «ይቅርታ፤ ማን እንደሆናችሁ ባውቅ በአካል መጥቼ ይቅርታ እጠይቅ ነበር» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ጉንቮር ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አይ ልጄ፣ ለወረቀት መልስ አይሰጥም፤ ወረቀት ይዋለዳል» አሏት።

እውነትም ተዋለደ። ሦስተኛው ውለታችሁ ከአራት ሳምንት በላይ የሚቆይ እንግዳ የቦርድ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ማስታወሳችሁ ነው። ፈቃዱን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ደግሞ ሐምሌን ሙሉ ለዕረፍት ደሴቶቹ ላይ ናችሁ፤ ያልተፈቀደ እንደተከለከለ ይቆጠራል። ወይዘሮ ጉንቮር ለሊቀመንበራችን ደውለው፣ «እግሬ አያስተማምንም፤ ጠዋት ጠዋት ደግፋ የምታስነሳኝ ልጅቷ ናት» ቢሉ፣ «ወይዘሮ ጉንቮር፣ ደንብ ለሁላችንም ነው፤ ማመልከቻዎን ስመለስ አየዋለሁ» ተባሉ። ይህን ደረጃው ላይ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። እኔም በሐዘኔታ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ራስ መነቅነቅ ፈቃድ አይጠይቅም።

ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው ቤኔዲታ ቁልፏን መልሳ ከከተማ ወጣ ባለ የመንገደኞች የድንኳን ሰፈር ማደር ጀመረች። የመግቢያው በር መክፈቻ የሚስጥር ቁጥርም እንደ ደንቡ ተቀየረ። ማታ ማታ ለወይዘሮ ጉንቮር ትደውል ነበር። ማክሰኞ ማታ አልተነሳም፤ ተኝተው ይሆናል አለች። ረቡዕ ማታም አልተነሳም። ያኔውኑ በትራም መጣች፤ ደጅ ቆማ የሁላችንንም ደወል አንድ በአንድ ደወለች፤ ለቦርዱ ስትደውል የተቀዳ ድምፅ መልካም በጋ ተመኘላት። ከሁሉም አብዝታ የደወለችው የእኔን ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ አይቻታለሁ። ቀጠሮ የያዝኩት ሰው ስላልነበረ አልከፈትኩም።

ሐሙስ ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። እሷ ግን ከንጋት ጀምሮ በራችን ላይ ነበረች። ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሁለተኛው ፎቅ ሩነ የልብስ ቅርጫቱን ታቅፎ ወጣ።

«አቶ ሩነ፣ እማማ ጉንቮር ለተራቸው መጥተዋል?»

«አልመጡም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄያለሁ፤ አሁን ተራው የኔ ነው።»

«እሳቸው ናቸው የቀሩት? ቀርተው ያውቃሉ?»

«ምን አገባሽ ልጄ? ደሞ አንቺ እዚህ አትኖሪም።»

ገፍታው ገባች። የመጣችው በቀጥታ ወደ እኔ ነው። በቡጢዋ በሬን ስትደበድብ፣ «አባባ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው! እማማ ነግረውኛል!» እያለች ትጮህ ነበር። እውነቷን ነው። የወይዘሮ ጉንቮር ትርፍ ቁልፍ «ምናልባት አንድ ቀን» ተብሎ ከተሰጠኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል።

በራቸውን ከመክፈቴ በፊት ከቁልፉ ቀዳዳ ላይ አንድ ወረቀት መላጥ ነበረብኝ። «የያዙትን ተራ አለመጠቀም ሌላውን መበደል ነው» ይላል። ሩነ ከመውረዱ በፊት የለጠፈው ነው። ወይዘሮ ጉንቮር ከዚያ ወረቀት አራት እርምጃ ርቀው፣ ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ መታጠቢያ ቤታቸው ወለል ላይ ወድቀው ነበር። በሕይወት ነበሩ። ልጅቷ እጃቸውን እንደያዘች አምቡላንስ ውስጥ ገባች፤ የፈተናው ወረቀት ሲታደል ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር። ወይዘሮ ጉንቮር በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

አራተኛውን ምስጋና ለራሴ ልውሰደው። እናንተ ደሴት ላይ ነበራችሁ፤ እኔ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ረቡዕ ማታ በሩን ብከፍት ኖሮ ሐኪሞቹ አንድ ሌሊት ያተርፉ ነበር፤ አንዷ ሐኪም ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

እንግዲህ ቤኔዲታ ያን ጠዋት የት እንደነበረች የሚመሰክረውን ወረቀት እኔ ጽፌዋለሁ፤ የራሴንም ጥፋት አስገብቼ ፈርሜበታለሁ። ዩኒቨርሲቲው የሕንፃውን ማኅተም ስለሚፈልግ የቀረው የእናንተ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። አምስታችሁንም በየደጃችሁ አንኳኳለሁ። ሰዓቱን አስቀድሜ አላስታውቅም።

ሰላማችሁ በማንም ኮቴ እንዳይደፈርስ ከልብ እየተመኘሁ፣ ለደንባችሁ ሎሌ፣ ለጎረቤቴ ግን ጎረቤት ሳልሆን የቀረሁ፣

ስቱሬ ቪክማን
አራተኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 11

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት «የቤት ቁጥር 9 ጓጉንቸር አሁንም የሐሙስን ተራ ይዛለች፤ ባለቤቷ በአስቸኳይ ታንሳ» የሚል ወረቀት ለጥፋችኋል። የሌላውን ጓጉንቸር መንካት ክልክል ስለሆነ ማናችንም አልነካናትም። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ሥር ተገኝተን ባለቤቷን አብረን እንድንጠብቃቸው በአክብሮት እጋብዛችኋለሁ። ብዙ አንቆይም፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ።