የጳጉሜ ስድስት ልጅ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ባምቢስ ያለው ቢሯችን ውስጥ ወጣቷ ፕሮግራመራችን ሜሮን ላይ በሁሉም ፊት ጮኽኩባት። የሠራችው የክሊኒክ መመዝገቢያ ፕሮግራም ጳጉሜ ስድስት የተወለደን ሕፃን አልቀበልም ብሎ እናቱን ሦስት ጊዜ አመላልሷል። ለፕሮግራሙ ጳጉሜ ምንጊዜም አምስት ቀን ናት።

«በየአራት ዓመቱ ስድስት እንደምትሆን የማያውቅ ሰው እዚህ አገር ነው ያደገው?» አልኳት።

የቢሮው ልጆች ሳቁ። እሷ ግን ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው።

«ከእርስዎ ብሎግ ነው የወሰድኩት፣ ጋሼ።»

እውነቷን ነው። ከዓመታት በፊት የጻፍኩት ኮድ ነው። ስሜ ከላይ አለ፤ ከታች ደግሞ «በደንብ ፈትሼዋለሁ፣ ሳትፈሩ ተጠቀሙበት» ይላል። «ቆይ አየዋለሁ» ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። በሰው ኮድ ላይ አንዲት ነጥብ የማላሳልፍ ሰውዬ!

ካዛንቺስ ቤቴ እንደገባሁ ኮዱን አረምኩት። ከሥሩ «ስህተቱን አንድ አንባቢ ጠቆመኝ» ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩና አጥፍቼ የሜሮንን ስም አስገባሁ። ይቀለኛል ብዬ ነበር። ግን ብሎጌን ከቢሯችን ሰው ከእሷ በቀር የሚያነበው የለም። የጮኽኩባት ደግሞ ሁሉም እየሰማ ነው።

ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም የምንገኝበት ስብሰባ አለን።