አቶ ኢቲቻ ፈዬራ እና በሦስት ሰዓት የተነሣችው አውሮፕላን

አቶ ኢቲቻ ፈዬራ ከአባታቸው ከአቶ ፈዬራ ጉተማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጂቱ በዳዳ በ1912 ዓ.ም. በእንጦጦ ግርጌ፣ በየካ ተወለዱ። እናታቸው፣ ልጃቸው በዘጠኝ ወራቸው እንደቆሙና ከዚያ ወዲህ ቁጭ ሲሉ እንዳላዩአቸው ይናገሩ ነበር።

በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመው፣ በ1936 ዓ.ም. በአንድ የራዲዮ መጠገኛ ክፍል ተቀጠሩ። የራዲዮን ሕመም በጆሯቸው ያውቁ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ ግን አልሆነላቸውም። በ1941 ዓ.ም. ከወ/ሮ በለጡ ዓምደ ሚካኤል ጋር በተክሊል ተጋብተው ሙሉነሽንና ከበበን ወለዱ።

በ1949 ዓ.ም. በአንድ ትርኢት ላይ ተዋጊ አውሮፕላን አይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለ፣ ምሳ የለ! በቤንዚን የምትሠራ፣ ከምድር ሆነው በራዲዮ የሚመሯት፣ የዚያችኑ አምሳያ ካልሠራሁ አሉ። አካሏን ከቀርከሃና ከጽድ አበጁ፤ አቡጀዲ አልብሰው ቫርኒሽ ቀቧት፤ ሞተሯን ከተጣለ የውኃ ፓምፕ ፈቱ። ክንፏ ሦስት ሜትር ሆኖ በበሩ አልወጣ ሲል፣ የምን መጨነቅ፣ መቃኑን ነቀሉት። ወ/ሮ በለጡ ክረምቱን በበር ፋንታ ጆንያ ሰቅለው ከረሙ። ጎረቤት «ባልሽ ጣውንት አመጣብሽ» ብሎ ሲያሾፍ፣ «ጣውንትስ ቤንዚን አትጠጣም» ይሉ ነበር።

በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በከተማው ላይ አውሮፕላን ሲያንዣብብ ሰው ሁሉ ደንግጦ ነበርና፣ ያለ ፈቃድ ማብረር የማይታሰብ ሆነ። ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንተው፣ በጥር 1954 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፈቃድ ደብዳቤ ተሰጣቸው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ሦስት ተብሎ ተነበበላቸው። የፈረንጅ ሦስት የእኛ ዘጠኝ መሆኑን ማን ልብ ይበል! በረራውን እንዲቆጣጠሩ የታዘዙት ጥበቃዎች ከቀትር በኋላ ይጠብቃሉ፤ አቶ ኢቲቻ በጠዋት እንጦጦ ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነሡ። አውሮፕላኗ ተነሣች። አራት ደቂቃ በረረች። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰው፣ ግርግሩ ተመለሰ ብሎ፣ ልጁን እያንጠለጠለ ቦይ ውስጥ ገባ። ገና ከማረፏ ወታደሮች ደርሰው ወሰዷት፤ አቶ ኢቲቻም ዐሥራ አንድ ቀን ታሰሩ። ሲጠየቁ፣ ደብዳቤውን አንብቤ የተሳሳትኩት ራሴ ነኝ አሉ።

ከዚያ በኋላ ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ደግሞ አንዴ ማብረር። አውሮፕላኗን እንዲመልሱላቸው ስድስት ዓመት በየሰኞው ፈቃድ ወደሰጣቸው ቢሮ ሄዱ። «ሰኞ ይመለሱ» ይባላሉ፤ ይመለሳሉ። በዚህ መሀል ሳንባቸው ታመመ። ሐኪም ዕረፍት ቢያዝላቸው ማን ሊሰማ! የካቲት 3 ቀን 1960 ዓ.ም. አውሮፕላኗ አንድ ክንፏ ተሰብሮ ተመለሰችላቸው። አልጋ ላይ ሆነው ክንፉን ሲጠግኑ ሰንብተው፣ ሙጫው ሳይደርቅ፣ የካቲት 14 ቀን በተወለዱ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ።

ያን ደብዳቤ ያነበቡት ግን እሳቸው አልነበሩም። ያነበበው፣ በእንግሊዝኛው የሚኩራራው የወ/ሮ በለጡ ወንድም ሀብተወልድ ነው፤ ይህን ታሪክ ጽፎ አሁን በፊታችሁ የሚያነበውም እሱ ነው። እስር ቤት ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ «አንተ የመንግሥት ሥራህ ይቀርብሃል፤ እኔ ራዲዮ መጠገን የትም አላጣም፤ ዝም በል» አሉት። ፈሪ ነውና ዝም አለ። በየሰኞው ከደጁ ሲያልፉ እያየ ስድስት ዓመት ዝም አለ። እህቱ ወ/ሮ በለጡ እንኳ ይህን የሚሰሙት ዛሬ ነው።

አቶ ኢቲቻ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። መቀመጥ ለማይወዱት ለእሳቸው፣ እግዚአብሔር በአብርሃም አጠገብ ሰፊ ሜዳ ይስጥልን። አባቶች ካህናት ፍትሐቱን ለእሳቸው ሲያደርሱ፣ ሀብተወልድ በአቶ ኢቲቻ እግር በኩል ቆሞ ይፍቱኝ ይላቸዋል።