አምስተኛው አጎት

ውድ ጋሽ እንግዳወርቅ፣

ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ስለሆኑ፣ እዚህ ውስጥ ለሚያገኙት ስህተት ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። እኔ በእንግሊዝኛም ቢሆን ከቴክስት የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ግን ከሞቱ ወር አልፎዎታል፤ ከሰፈራችን ቀጥሎ እዚያ የሚመጣው ሰው ነገሩን አዛብቶ ሳይነግርዎት ልቅደም ብዬ ነው።

በእርስዎ ለቅሶ ምክንያት ከኳስ ቡድኑ ታገድኩ።

የኮሌጃችንን ሕግ ያውቁታል፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ነበሩ የሚጨነቁበት። የክፍል አተንዳንሱ ከመቶ ዘጠና በታች የሆነ ተማሪ ረቡዕ ረቡዕ ኳስ አይሰለፍም። የታመመ የሐኪም ወረቀት ያመጣል፣ የቅርብ ዘመድ የሞተበትም ይታለፋል። ሌላው አይታለፍም። ሁለት ጊዜ የወደቅኩትን ሒሳብ የምደግመው ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ የአበሻ ለቅሶ ደግሞ ሐሙስን ይወዳል።

እማዬ ዓመቱን ሙሉ ለቅሶ ይዛኝ ስትዞር ነበር። ጉልበት ያለው ልጅ ነው፣ ወንበር ይደረድራል፣ የውሃ ካርቶን ይሸከማል እያለች ከተማውን አቋርጣ አርችዌይ ድረስ ትጎትተኛለች። በማግስቱ ሚስ ፓትሪሺያ፣ የስፖርተኞችን አተንዳንስ የምትቆጣጠረው ሴትዮ፣ "የት ነበርክ?" ስትለኝ "አጎቴ ሞቶ" እላለሁ። ጋሼ የምለውን ሰው ሌላ ምን ልበላት? አራት ጊዜ እንዲህ አልኳት፤ አራቱንም ጊዜ "አይዞህ" ብላ አለፈችኝ። ከአራቱ ሦስቱን በሕይወት ሳሉ አይቻቸው አላውቅም።

ከዚያ እርስዎ ሞቱ። ሦስት ቀን ቤትዎ ተቀመጥኩ። ያኔ እማዬ አልጎተተችኝም።

ስመለስ ሚስ ፓትሪሺያ ኮምፒውተሯን ቼክ አደረገችና ቀና አለች።

"ማኑሄ፣ ይሄ እኮ አምስተኛ አጎትህ ነው።"

"አዎ፣ ሚስ።"

"ቤተሰባችሁን ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው።"

ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ስስቅ ደግሞ የአሰልጣኙን ፊሽካ ማር የሞላሁት ልጅ መሆኔ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ፊቷ ተቀየረ። "እናትህን ይዘህ ና" አለችኝ። የሚቀጥለው ረቡዕ ግማሽ ፍጻሜ ነበር፣ በረኛው ደግሞ እኔ ነኝ።

እማዬ ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች። ሚስ ፓትሪሺያ ትጠይቃለች፣ እማዬ በአማርኛ ትመልሳለች፣ አስተርጓሚው እኔ። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ የተመቸ ዕድል በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም።

"ሟቹ ወንድምሽ ነው?"

"ወንድሜ ነው፣ ከወንድምም በላይ" አለች እማዬ። ተረጎምኩ።

"በእናት ነው በአባት?"

እማዬን ገረማት። "በምንም አይደለም። ከላያችን ነው የሚኖረው።"

"በእናት" ብል ያልቅ ነበር። እማዬም አትሰማኝ፣ ሚስ ፓትሪሺያም አታጣራ። አፌን ስከፍት ግን ምን ትዝ አለኝ መሰለዎት? ኤሏ፣ የእንግሊዝኛዋ ፊደል። ስንት ዘመን ቀይ አውቶቡስ በነዳ ሰው ቶዮታ ላይ የለጠፍኳት የለማጅ ምልክት። እርስዎ ሳያዩ ከኬኒንግተን አርችዌይ ደርሰው ሲመለሱ እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ እንባዬ እስኪፈስ ስቄ ነበር። ሲያገኟትም አልነቀሏትም። "ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል፣ ጥሩምባም የሚነፋብኝ ጠፋ" አሉና ተዉአት። ይባስ ብለው "ምልክቷ ካለች አይቀር" ብለው ባለቤትዎን እትዬ ሙሉነሽን መንዳት ማስተማር ጀመሩ። የሥራ ጓደኛዎ መጥቶ "ይቺን ማን ለጠፋት?" ሲልዎት "ልጄ" አሉት። "ልጅ አለህ እንዴ?" ሲልዎት ደግሞ "የታች ቤት ልጄ" አሉት። ደረጃው ላይ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ።

ስለዚህ እንዳለችው ተረጎምኩት። ከላያችን ነው የሚኖረው። የነበረው። ከእነዚያ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተሰልፈው አምስተኛ አጎት እንዲባሉ አልፈለግኩም።

ሚስ ፓትሪሺያ መነጽሯን አወለቀች። "ሌሎቹስ አራቱ?"

"እነሱስ ከላያችንም አይኖሩም" አልኳት።

መሳቅ ፈልጋ ተወችው። "እኔም ጃማይካ ውስጥ ቆጥሬ የማልጨርሳቸው አክስቶች አሉኝ። ሕጉን ግን እኔ አልጻፍኩትም" አለች። ውሳኔዋ እንዲህ ነው፦ ረቡዕ አልሰለፍም። ቡድኑ ካለፈና እኔም እስከዚያ ከአንድም ክፍል ካልቀረሁ፣ ለፍጻሜው እመለሳለሁ። አንድ ብቻ ከቀረሁ ግን ለዚህ ዓመት አበቃ።

ውጭ ስንወጣ እማዬ "ምን አለች?" አለችኝ።

"ረቡዕ አልጫወትም።"

"አንተ ምን ብለህ ተረጎምክላት?"

"ያልሽውን።"

"ደደብ፣ ዛሬ ነው እውነት የሚያምርህ?"

ረቡዕ በእኔ ቦታ ተውፊቅ ገባ። የብሪክስተኑ፣ ረጅሙ ተከላካይ፤ የእጅ ጓንቴ አልበቃውም። እኔ ከጎሉ ኋላ፣ እርስዎ ከማለዳ ፈረቃ ሲወጡ ከነዩኒፎርምዎ የሚቆሙባት ቦታ ላይ ቆምኩ። ኳስ በመጣ ቁጥር እንደ እርስዎ "ውጣ! ውጣ!" እላለሁ። ተውፊቅም ይወጣል፤ ኳሷም በአናቱ ላይ አልፋ ትገባለች። "ዝም በል፣ ወይም አንተ ግባና ጠብቅ" አለኝ። እኔ እርስዎን የምልዎትን ነው ያለኝ፣ ቃል በቃል። ጋሼ፣ ከኋላ ሆኖ ሲታይ በጣም ቀላል ይመስላል ለካ። ያም ሆኖ አራት ለሦስት አለፍን፤ ከገቡብን ሦስቱ ሁለቱ የእኔ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አርባዎ የፊታችን ሐሙስ ነው። ሒሳብም ሐሙስ ነው። ፍጻሜው በሳምንቱ ረቡዕ።

እማዬ "የእሱን አርባ ቀርተህ የማንን ልትሄድ ነው?" ብላ አኩርፋለች። እኔም ብሶብኝ ፎቅ ወጣሁና እትዬ ሙሉነሽን አንኳኳሁ። ጫማዎ አሁንም በሩ ሥር ነው፤ እንደ ድሮው ግራና ቀኙን ላቀያይረው አልኩና ተውኩት።

"እትዬ፣ ሐሙስ ለጸሎቱ አልደርስም። ክፍል አለኝ" አልኳቸው።

የሚቀየሙኝ መስሎኝ ወደ ደረጃው ዞርኩ።

"ሐሙስ ነው ሒሳቡ?"

"አዎ።"

"እሱም ሁልጊዜ ሐሙስ ጠዋት 'ያ ዱርዬ ሄደ?' እያለ በመስኮት ያይህ ነበር። ከክፍል ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቀኝ። ከዳኛቸው ጋር መጥቼ እወስድሃለሁ፣ ወንበሩን የሚያነሳ ሰው የለኝም።"

ዳኛቸው ወንድማቸው ነው፤ በእናትም በአባትም። ጠይቄያለሁ። አጠገባቸው እየተቀመጠ መንዳቱን እያስጨረሳቸው ነው። ኤሏ እዚያው እንደተለጠፈች ናት፣ አሁን ግን በሕግ ነው።

እና ጋሼ፣ ሐሙስ መጀመሪያ ካላዩኝ አይቀየሙ፤ ለወንበሩ እደርሳለሁ። ረቡዕ ደግሞ ከጎሌ ኋላ ማንም እንዳይቆም ለተውፊቅ ነግሬዋለሁ። "ውጣ" የሚለኝ ስለሌለ፣ የሚገባብኝ ሁሉ የራሴ ነው።

የታች ቤት ልጅዎ፣
ማኑሄ
ኬኒንግተን