ቤቱን እኔ ሠራሁት፣ ሽልማቱን አስተርጓሚዬ ወሰደው

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ነህምያ፣ በአርባ ምንጭ የባህል ግቢው ኃላፊ

ብዕሩን የያዘችው የቤተ ክርስቲያናችን ጸሐፊ እህት ልክነሽ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የካሱ፣ የዶርዜው ቤት ሠሪ ነው። እሷ ትንሽ እናለዝበው ትላለች፤ እንዳትነካው ብያታለሁ። በገበያ አማርኛዬ የማስጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ በጋሞኛ ብናገር አስተርጓሚ ያስፈልገኛል፣ አስተርጓሚ የሚያደርገውን ደግሞ አይቻለሁ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደገኞቹ፣ ጌታ ይመስገን፣ ብርዱም ቅናቱም ሳይገድለን አለን።

አንደኛ፣ ግቢዎ ውስጥ የቆመውን የቀርከሃ ቤት ሦስት ወር ሙሉ የጎነጎንኩት እኔ ነኝ፤ አስተርጓሚዬ ኤርጫፎ ቀርከሃ ያቀብለኝ ነበር። ጥሩ አቀባይ ነው፣ አልክድም። እርስዎ መጥተው ሲጠይቁ እኔ በጋሞኛ እመልሳለሁ፣ እሱ በሚያምር አማርኛ ይነግርዎታል። አንድ ቀን እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቁት። አማርኛ ስናገር ምላሴ ይከብዳል እንጂ ጆሮዬ አይከብድምና፣ «እሳቸው ያግዙኛል» ሲልዎት ሰምቻለሁ። እርስዎም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አባባ በርቱ አሉኝ። ይኸው በርትቻለሁ፤ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ በምርቃቱ ቀን ጋቢ ያለበሱት እሱን፣ በሩ ላይ የጻፉትም የእሱን ስም ነው። ማንበብ ስለማልችል የማይከፋኝ መስሎዎት ይሆናል። ቀንቻለሁ፣ ምን ይደረግ! ፓስተራችን ቅናት የአጥንት ነቀዝ ነው ብለው ሲሰብኩ ንስሐ ገባሁ፤ ከአዳራሹ ስወጣ ያቺን ጋቢ በኤርጫፎ ትከሻ ላይ አየኋትና ንስሐዬ እዚያው ደጃፍ ቀረ። ጋቢዋ ለእሱ ትረዝማለች። ለእኔ ልክ ነበረች።

ሦስተኛ፣ ምስጥ የቤቱን እግር ስለበላው፣ እንደ አገራችን ወግ ሰው ውስጡ ገብቶ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ንጹሕ መሬት ሊያዛውረው ነው አሉ፤ ቅዳሜ፣ እንግዳ እያየ። አዛዡም ኤርጫፎ ነው አሉ። በእኛ ዘንድ «አንሱ» የሚለው ቤቱን የሠራው ሰው ነው፤ የት እንደሚያዝ፣ የት እንደማይያዝ የሚያውቀው እሱ ነዋ። እዚያ ቤት ውስጥ ቀርከሃ አልደርስ ብሎኝ በአጭሩ የቀጠልኩት አንድ ቦታ አለ። ያን ቀን ኤርጫፎ ገበያ ሄዶ ነበር። እዚያ ላይ ከተያዘ ቤቱ ተሰንጥቆ በተሸካሚዎቹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቦታውን ይጠይቁልኝ፤ ካሳየዎት ቤቱ የእሱ ነው፣ ጋቢውንም በእጄ አጥብለታለሁ።

ቤቱ ቢሰበር ደስ ይለኝ እንደሆነ ራሴን ጠይቄ፣ እውነቱን ለመናገር እስከ ምሳ ድረስ ደስ ሲለኝ ዋለ። ከዚያ በኋላ ግን የተሸካሚዎቹን ፊት አንድ በአንድ አሰብኩ። ቢጠሩኝም ባይጠሩኝም ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ሃምሳ ሰው በእኔ ቅናት ሥር አይጨፈለቅም።

ክብርዎን፣ ወንበርዎንና የጆሮዎን ጤና እየጠበቀልዎ እንዲያኖርዎ የምጸልይ፣
የአቶ ኤርጫፎ ረዳት፣
ካሱ (የአውራ ጣት አሻራ)

ማሳሰቢያ፦ ቤቱ ሲቆም የኤርጫፎ ሆነ። ቅዳሜ ከተሰበረ ግን የማን ሥራ እንደነበር ለማጣራት አይድከሙ፤ ያን ጊዜ ስሜን ሁላችሁም በአንድ አፍ ትጠራላችሁ።

በይ ልክነሽ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አንብቢልኝ።